ሃያ ሦስት እጅ ኖራ

ባለቤቱ በሞተች በአምስተኛው ወር፣ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ ውሎ ሲያባራ፣ ሽማግሌው ግንበኛ እርሷ ታስቀምጠው የነበረውን ትርፍ አምፑል ሊፈልግ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። የምድር ቤቱም አምፑል ራሱ ተቃጥሏልና በዳሰሳ ነበር የሚወርደው። በመጨረሻው ደረጃ ላይ እግሩ ውኃ ረገጠ።

ተመልሶ የእጅ ባትሪ አምጥቶ አየ። ውኃው በመንገዱ በኩል ካለው ግድግዳ ሥር ተነሥቶ፣ የወለሉን ዝቅታ ተከትሎ፣ በክፍሉ መካከል የሳፋ ያህል ክብ ሠርቶ ተኝቷል። ከውኃው በላይ፣ በአሮጌው የድንጋይ መሠረት ውስጥ፣ ቀድሞ መስኮት የነበረ ቦታ አለ። በጡብ ተደፍኖ፣ ተለስኖ፣ ነጭ ኖራ ተቀብቶ ከሌላው ግድግዳ ጋር አንድ መስሏል፤ በታችኛው ጠርዙ ብቻ ቡናማ እድፍ ወጥቶበታል። የደፈነው ራሱ ነው፤ ሃያ አራት ዓመት ሆነው።

አርባ ዓመት የሰው ቤት ሲያቆም የኖረ ሰው የገዛ ቤቱ ሲያፈስ ቢያይ ወይ ይቈጣል ወይ ያፍራል። እርሱ ሁለቱንም አልሆነም። ውኃውን የሌላ ሰው ውኃ እንደሆነ ሁሉ አየውና፣ አምፑሉንም ረስቶ፣ በረጠበ ጫማው ወደ ላይ ወጣ።

ነገሩ ሁሉ እንዲህ ከሆነበት ቆይቷል። በቀብሩ ዕለት እንባ አልወጣውም፤ ሰዎች ጽኑ ነው ብለው አደነቁት። ጽናት እንዳልሆነ ግን እርሱ ያውቃል። መዶሻ ስቶ አውራ ጣትን ሲመታ፣ ሕመሙ ከመድረሱ በፊት አንዲት ቅጽበት አለች፤ ሰውየው እንደተመታ እያወቀ፣ ጣቱንም እያየ፣ ምንም የማይሰማው። ግንበኛ የሆነ ሁሉ ያውቃታል። እርሱ በዚያች ቅጽበት ውስጥ አምስት ወር ቆሟል። ይበላል፤ ይጸልያል፤ ጢሙን ይላጫል። ሰው ሲያናግረው ድምፁ ከግድግዳ ማዶ የሚመጣ ይመስለዋል።

አንዲት ልጅ አለችው፤ ከከተማው ማዶ በአንድ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ትጠይቀዋለች። በዚያ ቅዳሜ በሩ ላይ የተሰጣውን ጫማ አይታ ምን ሆኖ እንደ ረጠበ ጠየቀችው፤ ነገራት። ወዲያው ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። ባትሪውን ይዞ ሲከተላት፣ እርሷ በዚያ ጨለማ ውስጥ ቀጥ ብላ ሄዳ፣ ከተደፈነው መስኮት ሥር ተንበርክካ፣ ወለሉን በመዳፏ ትዳስስ ነበር። ከደረጃው ሥር ካለችው ትንሽ ቁም ሣጥን ጨርቅ አውጥታ ወለወለችው። ያን ጊዜ ይህን ሁሉ ልብ አላለውም።

ወጥ ቤት ተቀምጠው የነገረችው አጭር ነበር። የሰባ ሦስት ዓመት ሰው መሠረቱ ውኃ በገባበት ቤት ብቻውን ሊከርም አይገባም። የእርሷ ቤት አንድ ትርፍ ክፍል አለው። ይህን ይሽጥና አብሯት ይኑር። ከቀብሩ ወዲህ ሦስት ጊዜ ብላዋለች፤ የዛሬው ግን ልመና አልነበረም።

«አራተኛ ፎቅ ላይ?» አላት።

«አራተኛ ፎቅ ላይ። ምድር ቤት የለው፣ አያፈስ።»

«እዚያማ የሚያፈሰው የላይኛው ጎረቤት ነው።»

አልሳቀችም። እርሱም ሊያስቃት ብሎ የተናገረው አልነበረም፤ ቀልዱ እንደ ልማድ ከአፉ ወጣ እንጂ። መሄድ እንደማይፈልግ ግን ያውቃል፤ በአምስት ወር ውስጥ እርግጠኛ የሆነበት አንድ ነገር ይህ ብቻ ነው። በዚህ ቤት ባለቤቱ የቆመችባቸው፣ የተቀመጠችባቸው፣ እጇን ያሳረፈችባቸው ቦታዎች አሉ። ያ ሳይደርስበት የቀረው ሕመም አንድ ቀን ቢመጣ ወደዚህ ነው የሚመጣው። እዚያ ፎቅ ላይ ቢወጣ መንገዱ ይጠፋዋል ብሎ ፈራ። ይህን ለልጁ ሊነግራት አይችልም ነበር፤ የነገራት ሌላ ነው።

«ዋናው ዝናብ ሊገባ አምስት ሳምንት አለው። እኔ እደፍነዋለሁ። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ዘንቦ ወለሉ ከረጠበ ዕቃዬን እጠቀልላለሁ። ደርቆ ካደረ ግን ይህን ነገር ዳግመኛ አታነሺብኝም።»

«ጠብታ ካየሁስ?»

«ጠብታ ካየሽ እሄዳለሁ።»

እንደ ወንድ እጇን ዘረጋችለት፤ ተጨባበጡ።

ሰኞ ጧት ጸሎቱን እንዳደረሰ ከጓሮው ዳስ መሣሪያውን ይዞ ወረደ። ያሰበው ግልጽ ነበር። ይህ ግድግዳ ከተደፈነ ጀምሮ ረጥቦ አላየውም፤ ስለዚህ ስንጥቁ የዘንድሮ ነው። ከማዶ ያለው ዳቦ ቤት አዲስ ምድጃ ሲያስገባ ከባድ መኪና ለሳምንት ያህል በመንገዱ ተመላልሷል፤ ግድግዳውን ያናወጠው እርሱ ይሆናል። አዲስ ስንጥቅ ደግሞ ከውስጥ ይታከማል። ውኃው የወጣበትን መስመር በመሮ ሁለት ጣት ያህል ፈለፈለው፤ አቧራውን ጠርጎ በውኃ አራሰው፤ ቶሎ የሚደርቅ ሲሚንቶ ለውሶ በአውራ ጣቱ እየጠቀጠቀ ሞላው፤ ከላዩ ለሰነው። እጆቹ ያለ እርሱ ሠሩ። ከውጭ በውኃ ጎማ ግማሽ ሰዓት ያህል አፈሰሰበትና ወርዶ አየ፤ ደረቅ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ለአንድ ሰዓት ብቻ ዘነበ። ውኃው ከጠገነው ቦታ ሁለት ስንዝር ያህል በግራ በኩል፣ ደኅና ከሚመስለው ልስን ውስጥ ወጣ። ያንንም ፈልፍሎ ሞላ። በሚቀጥለው ዝናብ በቀኝ በኩል ወጣ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ግድግዳው እንደ ተጣፈ ሱሪ ሆኖ፣ ወለሉ ግን እንደ ረጠበ ነበር። ሦስት ሳምንት ቀረው።

ያን ጊዜ ሽማግሌው ስልኩን አንሥቶ ደወለ። የደወለለት ሰው ዐሥራ አንድ ዓመት በሥሩ ሠርቶ ግንበኝነትን የተማረ፣ አሁን የራሱ ሠራተኞች ያሉት ጐልማሳ ነው። ዐይኑን ፈጽሞ ስለማያምን፣ የሚቀመጥበትን አግዳሚ ሳይቀር ስለሚለካ፣ ግንበኞች ሁሉ በዚያች አረፋ ባላት ቀጥ ያለች መለኪያ ስም «ውኃ ልክ» ይሉታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን የገዛ ግድግዳውን ለተማሪው ከማሳየት አራተኛ ፎቅ መውጣትን ይመርጥ ነበር። አሁን ግን ቁጥሩን እንደ ማንኛውም ቁጥር ደወለው።

ውኃ ልክ በማግሥቱ አዲስ አምፑል ይዞ መጣ፤ ባትሪ በያዘ እጅ ግድግዳ አይመረመርም የሚለውን የተማረው ከዚሁ ከሽማግሌው ነበር። አምፑሉን ሰቀለ፤ ተንበረከከ፤ በመዶሻው እጀታ ልስኑን እያንኳኳ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ከዚያ ከጥገናዎቹ አንዱን ነቅሎ ጡቡን ገለጠ።

«ጋሼ፣ ይህን የደፈነው ማን ነው?»

«ምን አጠፋ?»

«ምን ያላጠፋው አለ? ጡቡን ከድንጋዩ ጋር አላናከሰውም፤ ዝም ብሎ አስጠግቶታል። የመስኮቱንም እንጨት ሳያወጣ ነው የደፈነበት፤ እንጨቱ ሲበሰብስ ውኃው በዙሪያው እንደ ልቡ ይሄዳል። ከውስጥ ቢለስኑት ቢለስኑት አይቆምም። እንዲህ ያለ ሰው እርስዎ ዘንድ ቢመጣ ባልዲ እንኳ አያሲዙትም ነበር።»

«እኔ ነኝ» አለ ሽማግሌው።

ውኃ ልክን ሳል ያዘው። ሲስል ቆየና፣ የዚያን ዘመን ጡብ መቼም ጥራት አልነበረውም አለ፤ ቀጥሎ ሲሚንቶውን ወቀሰ፤ ከዚያም መንገዱን ከፍ ያደረጉትን ሰዎች። ሽማግሌው እስኪጨርስ ጠበቀው። ውኃ ልክም የሚወቅሰው ነገር ሲያልቅበት ከተነቀለው ልስን አንድ ቅርፊት አንሥቶ ወደ አምፑሉ አቀረበ፤ ጠርዙንም አገላብጦ አየ።

«ይህን ቦታ ኖራ የሚቀባው ማን ነው?»

«ማንም። እኔ የደፈንኩት ዕለት ሁለት እጅ ቀባሁት፤ በቃ።»

ውኃ ልክ ከሌላው ግድግዳ ላይ ጥቂት ልጦ አስተያየ። ከዚያ ከኪሱ ሚስማር አውጥቶ በቅርፊቱ ጠርዝ ላይ በጫፉ እየነካ በከንፈሩ መቁጠር ጀመረ። ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ አየ። ጠርዙ እንደ ተዘጋ መጽሐፍ ጠርዝ ቅጠል በቅጠል ነበር፤ ነጭ፣ ከዚያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቡናማ መስመር፣ ደግሞ ነጭ፣ ደግሞ ቡናማ።

«የርስዎን ሁለቱን ትቼ ሃያ ሦስት እጅ ነው» አለ ውኃ ልክ። «ከመስኮቱ ሥር ብቻ። ሌላው ግድግዳ ሁለት እጅ ብቻ ነው ያለው። ቡናማው የውኃው እድፍ ነው፤ ዝናቡ ያልፋል፣ ግድግዳው ይደርቃል፣ ሰው እድፉን ይቀባዋል። በየዓመቱ እንዲህ ነው። ጋሼ፣ ይህ ውኃ የዘንድሮ አይደለም። ከደፈኑት ዓመት ጀምሮ ይወርዳል። ያልተቀባው የመጨረሻው እድፍ ብቻ…»

አልጨረሰውም። ቆቡን አውልቆ በጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ሽማግሌው ቅርፊቱን ተቀብሎ በመዳፉ ያዘው፤ ምንም ያህል አይከብድም ነበር።

መስኮቱ የተደፈነበት ምክንያት ቀላል ነው። መንገዱ አስፋልት ሲሆን ከፍ ብሎ፣ የመስኮቱ ግማሽ ከመንገዱ በታች ቀረ፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ጭቃ ይረጭበታል። ባለቤቱ ግን የልብስ ስፌት መኪናዋን ከዚያ መስኮት ሥር ነበር የምታስቀምጠው፤ ብርሃኑ በግራዋ ገብቶ በመርፌው ላይ ያርፍ ነበርና። ይደፈን ሲላት ትንሽ እንጠብቅ አለችው። ከዚያ እኅቷ ወልዳ ልትጠይቃት ለሦስት ቀን ሄደች። እርሱ ዕረፍት ላይ ነበር፤ ከሌላ ሥራ የተረፈ ጡብም ነበረው። በአንድ ቀን ደፈነው። የእንጨቱን ክፈፍ ማውጣት ሌላ ቀን ስለሚፈጅ እንዳለ ተወው። ተማሪው ቢሠራው ኖሮ አስፈርሶ እንደገና ያሠራው የነበረውን ሥራ፣ ለገዛ ቤቱ ይበቃል አለ። ስትመለስ በደረጃው ላይ ቆማ፣ «ብርሃኑስ?» አለችው። «መንገዱ በላው» አላት። በማግሥቱ የስፌት መኪናውን ራሱ ተሸክሞ ወደ ወጥ ቤት አወጣላት። ከዚያ በኋላ ስለ መስኮቱ አንድም ቀን አላነሣችም፤ እርሱም ዝምታዋን እንደ ስምምነት ቈጠረው።

ውኃ ልክ ከሄደ በኋላ ከደረጃው ሥር ያለችውን ቁም ሣጥን ከፈታት። ምድር ቤቱ የባለቤቱ ነበርና እርሱ እዚያ ጉዳይ ኖሮት አያውቅም። አራት ጨርቆች ታጥፈው ተደርድረዋል፤ ኖራ ነክቷቸው እንደ ካርቶን ደርቀዋል። አንድ ሳፋ አለ፤ በውስጡ ውኃው በየከፍታው ቀለበት ትቷል። ግማሽ ከረጢት ኖራ አለ። ብሩሹ ተበልቶ ተበልቶ ጣት የምታህል ፀጉር ቀርታዋለች። ግንበኛ ነውና ብሩሹን አይቶ ሲቀባበት የኖረውን እጅ አወቀ፤ ከቀኝ ወደ ግራ፣ አጭር አጭር፣ ጫፉን ወደ ላይ የምትመልስ እጅ።

ተቀምጦ አሰበ። ወይ ምሕረት ነበር፤ ስሕተቱን እንዳያይ ሸፈነችለት። ወይ ፍርድ ነበር፤ ብርሃኗን የወሰደባትን ሰው ሳትነግረው ከነጥፋቱ እንዲኖር ተወችው። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ኖራ ይቀባሉና ከግድግዳው ላይ ሊለየው አልቻለም። የሚጠየቀውም ሰው የለም። በማግሥቱ ጧት በጸሎቱ፣ ሳያውቅ ስላደረገው በደል ይቅርታ ወደሚለምንበት ቃል ሲደርስ ቆመ። ዕድሜውን ሙሉ ሳይሰናከል ያለፈው ቃል ነው። ቆሞ ጠበቀ፤ ልቡ እንዲነካ ጠበቀ። አልተነካም። ቀጠለና ጨረሰ።

ውኃ ልክ በሚቀጥለው ሰኞ ሠራተኞቹን ሳያስከትል ብቻውን መጣ፤ ወገቡን አሞት እያቃሰተ ከሽማግሌው ጋር አካፋ ጨበጠ። በመጀመሪያ ከውጭ በኩል በግድግዳው ሥር ቆፈሩ። የመስኮቱ ፊት ጉድጓድ ነበር፤ ሽማግሌው ያን ጊዜ በአፈር፣ በስብርባሪ ጡብና በባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ሞልቶታል፤ የመንገዱ ውኃ ሁሉ እዚያ ሲጠራቀም ኖሯል። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው ጡቡን ነቀሉ። መሮ እንኳ አላስፈለገም፤ በእጅ ሲጎትቱት እንደ ልቅ ጥርስ ወጣ። ከዙሪያው የእንጨቱ ክፈፍ ጥቁርና ለስላሳ ሆኖ፣ ሲነካ እንደ ረጠበ ዳቦ ተፈረፈረ።

የመጨረሻው ጡብ ሲወጣ ብርሃን ገባ። ማንም ያሰበው አልነበረም፤ ሁለቱም ስለ ውኃ ብቻ ሲያስቡ ነበር። ከእግረኞች ጫማ በላይ ካለችው ሰማይ አንድ ቁራጭ በወለሉ ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ ወደቀ፤ የስፌት መኪናው አራት እግሮች ያረፉባቸው አራት ጠባሳዎችም በውስጡ ታዩ። ውኃ ልክ ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ሽማግሌው ቆሞ ቀረ።

ልጁ ከሥራ ስትወጣ መጣች፤ ውኃ ልክ በስልክ ግድግዳው መፍረሱን ነግሯት ኖሯል። ደረጃውን ወርዳ ከብርሃኑ ዳር ቆመች።

«በሸሚዝ ነህ እንዴ? ከውጭ ነፋስ እየገባ አይበርድህም?»

«አይበርደኝም» አላት። እውነቱን ነበር። ቅርፊቱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። አገላብጣ አየችውና መልሳ ልትሰጠው እጇን ስትዘረጋ አልተቀበላትም።

«አምፑሉ ሳይበራ ነው ቦታውን ያገኘሽው» አለ። «ጨርቁንም።»

ቅርፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከመጀመሪያው ዝናብ። ስምንት ዓመቴ ነበር። እማዬ ሳፋውን ስታስቀምጥ አየኋትና ልጠራህ ስሮጥ በቀሚሴ ያዘችኝ።»

«ምን አለችሽ?»

«'አባትሽ ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ሲያቆም ውሎ ነው የሚመጣው። የአንተ ቤት ያፈሳል ብለን በር ላይ አንቀበለውም' አለች። ከዚያ አስማለችኝ።»

ሽማግሌው የብርሃኑን አራት ማዕዘን አየ። ከቅድሙ ትንሽ ወደ ግድግዳው ፈቀቅ ብሎ ነበር።

«ስለ መስኮቱስ ተቈጥታ ነበር?»

«አንድ ሳምንት ያህል። ከዚያ ሥራ በዛባት።» ልጁ ፈገግ ልትል ሞክራ ተወችው። «ኖራውን የምትቀባው አንተ ከከተማ ወጥተህ የምትሠራ ጊዜ ነበር። እየቀባች ታንጎራጉራለች። እኔ ባልዲውን እይዝላታለሁ፤ እንደ ጨዋታ ነበር የሚመስለኝ። አንድ ጊዜ ካደግሁ በኋላ ለምን አንነግረውም አልኳት። ከነገርነው ቤቱን ከመሠረቱ ነው የሚያፈርሰው አለችኝ።» የተቆለለውን ጡብና በቀዳዳው የሚታየውን ጉድጓድ አየች። «አልተሳሳተችም።»

«ከሞተች በኋላስ?»

«ማልኩላት እኮ፣ አባዬ። ልነግርህ አልችልም፤ ግድግዳው በላይህ ሲበሰብስ ደግሞ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። ስለዚህ ከቤቱ ላወጣህ ፈለግሁ።»

በመንገዱ አንድ ሰው ውሻ እየጎተተ አለፈ፤ ጥላቸው በወለሉ ላይ አለፈ። እርሱ ከሁለቱ አንዱን፣ ምሕረቱን ወይም ፍርዱን፣ ልጁ ትነግረኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር። የሰማው ግን ሦስተኛ ነገር ነው፤ የቤት ሥራ። እንደ ልብስ ማጠብ፣ እንደ ወለል መጥረግ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ሥራ፣ በማንጎራጎር የሚሠራ። ይህን የት እንደሚያስቀምጠው አላወቀም።

ውኃ ልክ ተመልሶ ወርዶ፣ ሁለቱን አይቶ፣ የተሻለ ሐሳብ አለኝ አለ። የታችኛውን ሁለት ሦስተኛ በድንጋይ እንሙላውና ከላይ በኩል ወፍራም የመስታወት ጡብ አንድ ረድፍ እናስገባ፤ ብርሃኑ ይቀራል፤ አሁን ጥሩ ጥሩ ይገኛል አለ። ልጁ አባቷን አየችው።

«አይሆንም» አለ ሽማግሌው። «መስታወትና ድንጋይ በፀሐይ እኩል አይለጠጡም። ከዐሥር ዓመት በኋላ በመገናኛው ያፈሳል። ያን ጊዜ ማን ይቀባዋል?»

ስለዚህ ደፈነው፤ በዚህ ጊዜ ግን እንደሚገባው። የበሰበሰውን እንጨት እስከ መጨረሻው ስንጥር ለቀመ። በመስኮቱ ግራና ቀኝ ያለውን አሮጌ ድንጋይ አንዱን እያለፈ አንዱን ጠርቦ ጥርስ አበጀለትና፣ አዲሱን ድንጋይ በጥርሱ ውስጥ አናከሰው። በአሮጌው ግንብ ልክ የኖራና የአሸዋ ልውስ ተጠቀመ፤ ውኃ ልክ ሲሚንቶ ይጨመርበት ሲል፣ ድንጋዩ ራሱ የለመደውን ይብላ አለው። አንዱን ረድፍ አቁሞ ሳይጠነክር ሌላውን አልደረበም፤ በአንድ ቀን የሠራውን በዐሥራ ሁለት ቀን ሠራው። ከውጭ በኩል ለስኖ ሬንጅ ሁለት እጅ ቀባ፤ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ወደ ታችኛው ቦይ አዘንብሎ አስተኛ፤ ጉድጓዱንም በአፈር ሳይሆን በጠጠር ሞላው። ውኃ ልክ መለኪያውን በየድንጋዩ ላይ እያስቀመጠ አረፋዋን ያይ ነበር። አንድ ጊዜ፣ «ጋሼ፣ አረፋዋ ወደ ግራ ሄደች» አለው። «አንተ ወፍረህ ወለሉ ነው ያዘነበለው» አለው ሽማግሌው። ውኃ ልክ ሲስቅ እርሱ ድንጋዩን በመዶሻ መታ አድርጎ አስተካከለው።

በአምስተኛው ሳምንት መጨረሻ ልጁ መጥታ አየች። ድንጋዩ ከውስጥ በኩል ራቁቱን ነበር፤ የመስኮቱ ቅርጽ አንድ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ እንደ መደርደሪያ ቀርቷል።

«ልስኑስ? ኖራውስ?»

«አይለሰንም።»

«ያስጠላል እኮ፣ አባዬ። እማዬ ብታየው…»

«ያፈሰሰ እንደሆነ ይታይ» አላት። «ከእንግዲህ በላዩ ላይ የሚቀባ ነገር የለም።»

ዋናው ዝናብ በአንድ ረቡዕ እኩለ ቀን ገባ። የዳቦ ቤቱ ሰዎች መዝጊያቸውን እየጎተቱ ሲዘጉ ሰማ፤ ከዚያ ከዝናቡ በቀር ምንም አልሰማም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ወረደ፤ በመንገዱ ዳር ያለው ቦይ ሞልቶ ፈሰሰ። ሽማግሌው ከቁም ሣጥኗ አንድ ጨርቅ ይዞ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ፤ አምፑሉን አብርቶ ከመስኮቱ ትይዩ ባለ በርሜል ላይ ተቀመጠ። ከግድግዳው ማዶ ውኃው በጠጠሩ ውስጥ ሲወርድ፣ ቱቦውን ሲያገኝ፣ ሲሄድ ይሰማ ነበር። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አያቸው። መገናኛቸውን አየ። የወለሉን ጥግ አየ።

ስልኩ ጮኸ።

«እንዴት ነው?» አለች ልጁ።

«ደረቅ ነው።»

«ጠብታ የለም?»

«የለም። ነይና እዪ።»

በእርሷም በኩል ዝናቡ በመስኮት ላይ ሲመታ ይሰማዋል። ከዚያ፣ «እንግዲህ አላነሣብህም» አለች። ቀጥላም የላይኛው ጎረቤት ውኃ እንደለቀቀና በጣሪያዋ ላይ ምልክት እንደወጣ ነገረችው። ቅዳሜ ቤቷ መጥቶ ያየው እንደሆነ ጠየቀችው። ያያል አላት።

ስልኩን ከዘጋ በኋላ ጨርቁ በእጁ ነበር። ተንበርክኮ፣ ልጁ ባሳየችው ቦታ፣ ከግድግዳው ሥር ወለሉን ወለወለው። ከቀኝ ወደ ግራ፣ አጭር አጭር። ጨርቁን ገልብጦ አየው። ጥቂት የድንጋይ ብናኝ ብቻ ነበረበት። ወለሉን እንደገና ወለወለው፤ አራቱን የእግር ጠባሳዎችም ወለወለ፤ ከዚያ የሚወለወል ነገር አልቀረም። ጨርቁን እርሷ ትሠራው በነበረው መንገድ በአራት አጥፎ በጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

እንዲህ እንዳለ ከድንጋዩ የሚወጣው እርጥብ ቅዝቃዜ በሸሚዙ ውስጥ አልፎ፣ በትከሻው፣ በጀርባው ላይ እየወረደ እንደሆነ ተሰማው።

በረደው፤ ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ሲሰማው የመጀመሪያው ነበር። ግድግዳውን ይዞ ተነሣና፣ ኮቱን ሊያመጣ ደረጃውን ወጣ።